ሜሞሪ ከተጨመረለት በኋላ አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር፤ የምርመራው ሥርዓትና የባለሙያው ኃላፊነት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በኮምፒዩተር ጥገና ሙያ የተሰማራ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያጋጥመው አንድ ጉዳይ አለ። ለዓመታት ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሥራው እየተጓተተ ስላስቸገረ ሜሞሪ እንዲጨመርለት ይወሰናል። ክዳኑ ይከፈታል፤ አዲሱ ሜሞሪ ይገባል፤ ማብሪያው ይነካል። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ሞኒተሩ ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። ከግማሽ ሰዓት በፊት በዝግታም ቢሆን ሲሠራ የነበረው ዕቃ አሁን የሞተ መስሎ ይታያል። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ «ምን ነካው?» ሲል ይጠይቃል፤ ባለሙያውም መልስ ለመስጠት ይቸኩላል።

ጥፋት የሚመጣው በዚህች የችኮላ ሰዓት ነው። የጉዳዩ ክብደት በአዲሱ ሜሞሪ ዋጋ ብቻ አይለካም። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የመሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገብ፣ የክሊኒክ የሕሙማን ታሪክ፣ ወይም ለመመረቂያ የተዘጋጀ የተማሪ ጽሑፍ ተቀምጦ ይሆናል። በሥርዓት ያልተመራ ምርመራ ሁለት ዓይነት በደል ያስከትላል። አንደኛው፣ ጤነኛ ማዘርቦርድ «ተቃጥሏል» ተብሎ መጣሉ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ በነገሩ እጁ የሌለበት ሃርድ ዲስክ ፎርማት ተደርጎ በላዩ የነበረው ሰነድ ሁሉ መጥፋቱ ነው። የተጣለ ማዘርቦርድ በገንዘብ ይተካል፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሌለው ሰነድ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ የሚያተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ከካቻቪቴውና ከመለኪያው ሁሉ በፊት የባለሙያው ዋነኛ መሣሪያ የምርመራው ቅደም ተከተል መሆኑን ማስረዳት ነው።

ማሽኑ ሲበራ የሚሆነው

የምርመራው ሥርዓት የሚመነጨው ከማሽኑ ከራሱ አነሣሥ ነው። ዛሬ በየኮምፒዩተሩ የሚገኘው ሜሞሪ መሠረቱ፣ ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያፈለቀውና በ1968 የፈጠራ መብት ያገኘበት አሠራር ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ እጅግ አነስተኛ ካፓሲተር ይያዛል። ካፓሲተሩ ግን እንደሚያንጠባጥብ እንስራ ነው፤ የተሞላውን ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም። በዲዲአር 3ና በዲዲአር 4 ሜሞሪ፣ በተለመደው የሙቀት መጠን፣ እያንዳንዱ ካፓሲተር በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንደገና መታደስ አለበት። ሜሞሪ እንግዲህ እንደ መደርደሪያ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቮልቴጅም በጊዜም በየቅጽበቱ መስማማት ያለበት ክፍል ነው። ራሙ ለብቻው ጤነኛ፣ ማዘርቦርዱም ለብቻው ጤነኛ ሆነው ሳለ ሁለቱ ሲገናኙ ማሽኑ አልነሣ ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማብሪያው ሲነካ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የሚያነበው በማዘርቦርዱ ላይ በምትገኝ አነስተኛ ቺፕ የተጻፈውን ባዮስ ነው። ባዮሱ በእያንዳንዱ ራም ላይ የተለጠፈችውን ኤስ.ፒ.ዲ. የምትባል ሌላ ቺፕ ይጠይቃል። በእርስዋ ላይ የራሙ መጠን፣ ፍጥነቱና የሚፈልገው ቮልቴጅ እንደ መታወቂያ ወረቀት ተመዝግቦ ይገኛል። ባዮሱ ይህን ካወቀ በኋላ በየመስመሩ የሚመጣው ምልክት በትክክለኛዋ ቅጽበት እንዲነበብ ጊዜውን ያስተካክላል። ይህ ሁሉ በደኅና ሲፈጸም ነው አብዛኛውን ጊዜ በሞኒተሩ ላይ ጽሑፍ የሚታየው፤ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሄዶ ዊንዶውስን ወይም ሌላውን ሲስተም መጫን የሚጀምረው ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ ነው።

ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ታላቅ ቁም ነገር ይገኛል። አዲስ ሜሞሪ ገብቶለት ምንም ጽሑፍ ሳያሳይ የጨለመ ማሽን፣ ገና ሃርድ ዲስኩ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ስለ ሃርድ ዲስክ መናገር፣ ይልቁንም ሲስተሙን እንደገና ለመጫን ማሰብ፣ በር ላይ የወደቀን እንግዳ ሳያነሡ ጓዳ ገብቶ ዕቃ እንደ መፈተሽ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ

ማሽኑ ሲሠራ የነበረና ከአንድ ለውጥ በኋላ ያቆመ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመጨረሻው ለውጥ ነው። የመጀመሪያውም ተግባር ለውጡን መመለስ ነው። ስፒናው ከሶኬት ይነቀላል። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ስፒናው እስከ ተሰካ ድረስ በማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ስለሚቆይ፣ በማብሪያው ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት፣ ቀጥሎም የቤቱን ብረት ነክቶ በሰውነትና በልብስ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ማራገፍ ይገባል። ከዚያ አዲሱ ራም ወጥቶ የቀድሞው ራም ይመለሳል። የሚመለሰውም ወዳገኙት ስሎት ሳይሆን ቀድሞ ወደ ነበረበት ስሎት ነው።

ይህ ቀላል የሚመስለው ተግባር የምርመራውን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል።

ማሽኑ ከተነሣ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ነፃ ይወጣሉ ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ጥያቄው በአዲሱ ራም፣ በሚገባበት ስሎት ወይም በሁለቱ ስምምነት ላይ ብቻ የተወሰነ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ማሽኑ በሕይወት ሳለ መሠራት ያለበት ሁሉ የሚሠራው አሁን ነው። አስፈላጊው ሰነድ ይገለበጣል፤ የባዮሱ ቁጥርና በውስጡ ያለው አቀማመጥ በወረቀት ይጻፋል፤ ሃርድ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻው ቁጥር በባለቤቱ እጅ መኖሩ ይረጋገጣል።

ማሽኑ በቀድሞው ራምም ካልተነሣ በሥራው ጊዜ የተነካ ነገር አለ ማለት ነው። እጅ ሲገባና ሲወጣ ባለ 24 ፒኑ የማዘርቦርድ ገመድ ወይም ባለ 4ና ባለ 8 ፒኑ የፕሮሰሰር ገመድ ላልቶ ይሆናል፤ የግራፊክስ ካርዱ ከቦታው ተነቃንቆ ይሆናል፤ ብሎን ወድቆ ከማዘርቦርዱ ሥር ተሸጉጦ ይሆናል። እነዚህ አንድ በአንድ ይታያሉ። የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማሰሚያ ያለው ማዘርቦርድ ከሆነ፣ ስፒናው ተነቅሎ ራሞቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ እንደገና አብርቶ ማዳመጥ ይጠቅማል። ያለ ምንም ራም ሲበራ «ሜሞሪ የለኝም» ብሎ የሚጮኽ ማዘርቦርድ፣ ቢያንስ ፕሮሰሰሩና ባዮሱ እየሠሩ መሆናቸውን መስክሮአል። በአዳዲሶቹ ማዘርቦርዶች ላይ ይህንኑ አገልግሎት ጥቃቅን መብራቶች ይሰጣሉ። የድምፁ ትርጉም ግን እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል። በቀድሞው የአሜሪካን ሜጋትሬንድስ ባዮስ ሦስት አጫጭር ድምፅ የሜሞሪ ጉድለትን ሲያመለክት፣ በሌላው ዘንድ ትርጉሙ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍርዱ ከግምት ሳይሆን ከማዘርቦርዱ መመሪያ መወሰድ አለበት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይጣሰው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ራሙን፣ ባትሪውንና ፓወር ሰፕላዩን በአንድነት ለውጦ ማሽኑን ያስነሣ ባለሙያ፣ ማሽኑን አስነሥቶ ምክንያቱን አጥቶአል። ባለቤቱንም ላልተበላሸ ዕቃ አስከፍሎአል፤ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አቀማመጥና ንጽሕና

የቀድሞው ራም ማሽኑን ካስነሣ በኋላ አዲሱ ለብቻው ይሞከራል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ራሙ በሚገባ አለመቀመጡ ነው። በዲዲአር 4 ራም ጠርዝ ላይ 288 ፒኖች አሉ፤ ራሙ በአንድ ወገን ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቀር ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሳይነካኩ ይቀራሉ። በሁለት አውራ ጣት ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ የስሎቱ መቆለፊያ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ቀጥ አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። በአንዳንድ ማዘርቦርድ መቆለፊያው በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚገኝ፣ መቆለፊያ የሌለው ጫፍ በተለይ ሊታይ ይገባል።

አቧራም ሌላው ምክንያት ነው። ለዓመታት ባዶውን የኖረ ስሎት አቧራ ሲሰበስብ ይኖራል፤ አዲሱ ራም የሚገባው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ስሎቱ በለስላሳ ብሩሽና በአየር ይጸዳል፤ የራሙ ፒኖች በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይታሻሉ። በየጥገና ቤቱ የተለመደው ላጲስ ቆሻሻውን ቢያነሣም፣ ፍርፋሪው ተመልሶ ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ የፒኖቹም የወርቅ ቅብ እንዳይፋቅ መጠንቀቅ ያሻል።

የስሎቱም ምርጫ እንዲሁ አይደለም። አራት ስሎት ባላቸው በአብዛኞቹ ዘመናዊ ማዘርቦርዶች አንድ ራም ብቻ ሲገባ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው፣ ሁለት ሲገቡ ደግሞ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ይመረጣል። አምራቹ በመመሪያው የጻፈው ከዚህ የተለየ ከሆነ የሚጸናው የአምራቹ ቃል ነው። ራሙ በአንዱ ስሎት ሠርቶ በሌላው እንቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ስሎቱ ይዞራል፤ በየስሎቱ ሁሉ እንቢ ካለና ሌላው ራም በእነዚያው ስሎቶች ከሠራ ግን ጥርጣሬው በራሙ ላይ ይጸናል።

መጣጣም

ራሙ ንጹሕ ሆኖ በሚገባ ተቀምጦም ማሽኑ እንቢ ካለ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ራሙና ማሽኑ የተስማሙ መሆናቸው ነው። ጄዴክ የሚባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት ዲዲአር 3ን እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲዲአር 4ን በ2012፣ ዲዲአር 5ን በ2020 በደረጃ አወጣ። መደበኛ ቮልቴጃቸው በየተራ 1.5፣ 1.2 እና 1.1 ነው። በጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ በተለያየ ቦታ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ ዲዲአር 4ና ዲዲአር 5 የፒናቸው ብዛት እኩል 288 ቢሆንም እንኳ ቁርጡ ይለያቸዋል። ራም አልገባ ሲል ጉልበት የሚጨምር እጅ ስሎቱን ይሰብራል።

የሚያሳስተው ግን በመልክ ገብቶ በጠባይ የማይስማማው ነው። ለሰርቨር የተሠራ ሬጂስተርድ የተባለ ዲዲአር 3 ወይም ዲዲአር 4 ራም በተለመደው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ስሎት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም። ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚገኝ ስለ ሆነ ገዢው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። እንዲሁም ለኤ.ኤም.ዲ. ማሽኖች ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ዲዲአር 3 ራም በኢንቴል ማሽን ላይ አይሠራም። የመጠንም ወሰን አለ። እስከ 4ኛው ትውልድ ያሉት የኢንቴል ኮር የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች በአንድ ዲዲአር 3 ራም ከ8 ጊጋባይት በላይ እንዲቀበሉ አልተሠሩም። ተሠርቶባቸው ከውጭ የሚገቡና በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግሉ ማሽኖችን የሚጠግን ባለሙያ፣ ራም ከመግዛቱ በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ጽፎ ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ቢያስተያይ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ቀድሞ የነበረውን ራም አውጥቶ በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ፍጥነትና ትዕግሥት

በራም ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት ሁልጊዜ መደበኛው ፍጥነት አይደለም። በ3200 የሚሸጥ ዲዲአር 4 ራም ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ በ2133 ወይም በ2400 ብቻ ሊነሣ ይችላል። ከፍተኛው ፍጥነት የሚገኘው ኤክስ.ኤም.ፒ. የሚባለው አቀማመጥ በባዮስ ውስጥ ሲመረጥ ነው። ለአሮጌው ራም የተመረጠ ከፍተኛ ፍጥነት በቦታው ሳለ አዲስ ራም ከተጨመረ፣ ሁለቱ በዚያ ፍጥነት ሊስማሙ ባለመቻላቸው ማሽኑ አልነሣ ሊል ይችላል። መፍትሔው ፍጥነቱን ወደ መደበኛው መመለስ፣ ወይም በመመሪያው እንደ ተጻፈው የባዮሱን አቀማመጥ ወደ ፋብሪካው መመለስ ነው።

ይህ መመለስ ግን የራሱ አደጋ አለው። የሃርድ ዲስኩን አነባበብ የሚወስነው አቀማመጥ አብሮ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ማሽኑ ተነሥቶ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ በሰማያዊ ገጽ ሊያቆም ይችላል። ይህን ያየ ጥድፈኛ ሰው «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ብሎ ፎርማት ወደ ማድረግ ይሄዳል። ቀድሞ በወረቀት የተጻፈው አቀማመጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ያንን አንድ መስመር ወደ ቦታው መመለስ ሰነዱን ሁሉ ያድናል።

አዲሱን ራም ለመቀበል የባዮሱ መታደስ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ይህ ሥራ መሠራት ያለበት በተፈተነው በአሮጌው ራም ነው። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ዩ.ፒ.ኤስ. ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም፤ መካከል ላይ የተቋረጠ እድሳት ጤነኛውን ማዘርቦርድ በእርግጥ ሊገድለው ይችላልና።

ለዲዲአር 5 ማሽኖች ደግሞ ትዕግሥት ራሱ ፍተሻ ነው። አዲስ ራም ሲገባላቸው ባዮሱ ጊዜውን እስኪያስተካክል ድረስ ሞኒተሩ ለብዙ ደቂቃ ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ማብሪያውን የሚጫን ሰው ማስተካከያውን በየጊዜው እያቋረጠ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

መነሣትና መዳን

ማሽኑ ተነሥቶ የራሙ መጠን በሞኒተሩ ላይ በትክክል ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከሁሉ የሚከፋው ራም ፈጽሞ የማይሠራው አይደለም፤ እርሱ ጉድለቱን ወዲያው ይናገራል። የሚከፋው ከቢልዮን ቢቶች መካከል ጥቂቶቹን ብቻ የሚያሳስተው ነው። እንዲህ ያለው ራም ማሽኑን ያስነሣል፤ ሰነዱን ይከፍታል፤ ከዚያም አንዱን ቁጥር ለውጦ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይመልሰዋል። የደመወዝ መዝገቡ እንደ ተሳሳተ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ መጠባበቂያ ቅጂው ራሱ ስሕተቱን ቀድቶት ይገኛል።

ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም። ቢያንካ ሽሮደር የተባሉት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከሁለት የጉግል ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉግል ሰርቨሮች ውስጥ ከነበሩት ራሞች ከመቶ 8 የሚበልጡት በዓመት ውስጥ ስሕተት እንደ ታየባቸው አስረድተዋል። እነዚያ ሰርቨሮች ኢ.ሲ.ሲ. የተባለው ስሕተት አራሚ ያለው ራም ስለ ነበራቸው ስሕተቱ ተቆጥሮ ሊታወቅ ቻለ። በየቢሮው ያለው አብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን በሰርቨሮቹ ላይ የነበረው ዓይነት አራሚ የለውም፤ ስሕተቱ ሲደርስ የሚቆጥረው የለም።

ስለዚህ አዲስ ራም የገባለት ማሽን ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት መፈተን አለበት። ሜምቴስት 86ን በመሰለ ፕሮግራም ከፍላሽ ዲስክ አስነሥቶ፣ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይቻላል። በዚህ ፍተሻ አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ «ትንሽ ናት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፍጥነቱ ወደ መደበኛው ይመለሳል፤ ራሞቹ አንድ በአንድ ይፈተናሉ፤ ጉድለቱ የጸናበት ራም ለሻጩ ይመለሳል። ሌላ ማሽን ላይ ለመሸጥ ወደ መሳቢያ መክተት ግን ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ሰነድ ማዛወር ነው።

የባለሙያው ኃላፊነት

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ካቻቪቴ፣ ብሩሽ፣ የተፈተነ ራም፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ። እያንዳንዱ የጥገና ክፍል በዘወትር ከሚያጋጥሙት የራም ዓይነቶች አንዳንድ የተፈተነ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ጥርጣሬ ሲነሣ የሚመሰክር ዳኛ በእጁ አለ ማለት ነው። ምን እንደ ተለወጠ፣ በየትኛው ስሎት ምን እንደ ተሞከረና ምን እንደ ታየ በአንዲት ገጽ ቢጻፍ፣ ማሽኑን ነገ የሚረከበው ባልደረባ ከዜሮ አይጀምርም፤ ባለቤቱም የከፈለበትን ምክንያት ያውቃል።

ከዚህ ጋር አንድ ደንብ በየጥገና ክፍሉ ቢጸና መልካም ነው። ሜሞሪው በሌላ ራም ተፈትኖ ሳይረጋገጥ፣ ሰነዱም ሳይገለበጥና ባለቤቱ በጽሑፍ ሳይስማማ፣ ማንም ባለሙያ ሃርድ ዲስክ ፎርማት አያድርግ። ይህ ደንብ ቀድሞ ቢሠራበት ኖሮ የስንት ሰው የዓመታት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ባልጠፋ ነበር። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለውም ቃል፣ በሌላ ራምና በሌላ ፓወር ሰፕላይ ካልተመሰከረ በቀር፣ ከባለሙያ አፍ ሊወጣ የሚገባው ቃል አይደለም።

ባለቤቱ በሙያተኛው የሚያምነው የማሽኑን ውስጥ ስለማያውቅ ነው። ይህ እምነት የተጣለበት ሰው ገና ያላወቀውን «ገና እየመረመርኩ ነው» ብሎ መናገር መቻል አለበት። ይህን ለማለት የሚደፍር ባለሙያ ለመመርመር ጊዜ ያገኛል፤ ጊዜ ያገኘ ምርመራም ብዙውን ጊዜ ማሽኑንም ሰነዱንም በደኅና ይመልሳል።